የአባ ይግዛው አሥራ ሁለት የብረት ሞፈሮች

ማረሻ እየሸጥሁ የኖርሁ፣ እርፍ ግን ጨብጬ የማላውቅ ሰው መሆኔን አስቀድሜ ልናዘዝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ደብረ ማርቆስና ይጁቤ ላይ ይህን ያልሰማ አልቀረም፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የሚያሳፍር መስሎ አይታየኝም ነበር። ከፈን የሚሸጠው ጎረቤቴም ሞቶ አያውቅም፤ ንግዱ ግን ደኅና ነው። የማረሻ ንግድ የሚፈልገው ጆሮ ነው። ገበሬ ማረሻ ሲገዛ አይቸኩልም። መጀመሪያ በጥፍሩ ይመታዋል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ጫፉን በምላሱ ነካ ያደርጋል። ምላሱ ምን እንደሚነግረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እኔም ግን ከፊቱ ቀድሜ እልስና "ማር ነው!" እላለሁ። ይገዛል።

ታዲያ የሚገዛው ብረቷን ብቻ ነው። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ አፈር የሚከፍለውን ድግሩን ከዛፍ ቆርጦ ራሱ ይጠርበዋል። ሙሉ ሞፈር ከገበያ የሚገዛ ሰው በእኛ አገር አልተወለደም። ይህን አውቅ ነበር። በደንብ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የገባሁበት።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ንግዴ ደረቀ። ብረት ወደ ጫካ እየሄደ ለአርበኞች ጦር ይሆናል ተባለና፣ ወረቀት የሌለው ብረት እሳት ውስጥ ከገባ ብረቱም ቀጥቃጩም ይወሰዳሉ የሚል አዋጅ ወጣ። ማረሻዬን የሚሠራልኝ ደምለው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከጅረቱ ማዶ ይኖራል። ሰዉ ማረሻውን ከእጁ ይቀበልና ፊቱን ያዞራል፤ የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይላላ። እኔ ስንት ዓመት ከአንድ መሶብ አብሬው በላሁ፤ ዓይኑ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን አልቆረጠኝም። እንግዲህ በዚህ ሰው በር ላይ ቀይ ሰም ተለጥፎበት ታሸገ። እሳት የሚያናፋበት ወናፉ ተጨማድዶ እንደ አሮጊት ጡት ተንጠለጠለ። ገበሬው ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ያለቀች ማረሻ ይዞ እየመጣ፣

"ነጋዴው፣ ዘንድሮ መሬቱን በጥርሳችን ልንቧጥጠው ነው?" ይለኛል።

ሲኞር ሬናቶ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወታደር አይደለም፤ የአንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ሰው ነው። አጭር፣ ባርኔጣው ትልቅ፣ ሲናገር እጁ ከአፉ የሚቀድም። አስተርጓሚው ኪዳኔ የሚባል፣ የጌታውን ባርኔጣ የመሰለ ባርኔጣ የደፋ የእኛው ሰው ነበር። ሲኞር ሬናቶ የብረት ሞፈር የተሣለበት ወረቀት ዘረጋልኝ። ሁለት እጀታ አለው፣ ከፊቱ መንኮራኩር አለው፣ ከጎኑ አፈር የሚገለብጥ ክንፍ አለው።

"አንተ ገበሬ ነህ ወይ ይልሃል" አለ ኪዳኔ።

"ከእናቴ ሆድ ጀምሮ በለው።"

"ይህን የሚገዛ ይገኛል ወይ ይልሃል።"

እዚህ ላይ "አይገኝም" ብዬ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ግን ጌቶቼ፣ ነጋዴ "አይገኝም" የሚል ቃል ከአፉ ሊያወጣ ሲሞክር ጉሮሮው ይዘጋል። "ጎጃም በሙሉ ይሻማበታል በለው!" አልሁ።

ኪዳኔ ሲተረጉም ሲኞር ሬናቶ ወንበሩን ትቶ ተነሣና ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ ተቀምጦ ወረቀት ጻፈ። ነገሩ ይህ ነው፦ አሥራ ሁለት የብረት ሞፈር ይሰጠኛል። ሰኔ ሳይገባ ሸጬ ከጨረስሁ ብረት የመነገድ ፈቃዴ ይታደሳል፣ የደምለውም በር ይከፈታል። ካልጨረስሁ ፈቃዴ ይቀደዳል፣ የገበያ መደቤ ለሌላ ይሰጣል፣ የደምለው ወናፍ ደግሞ ተነቅሎ ይወሰዳል። ወናፍ የሌለው ቀጥቃጭ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ደምለውን ሄጄ ነገርሁት።

"ጎጃም በሙሉ ነው ያልኸው?"

"አፌ ቀደመኝ።"

"ዳሞትን ቀንሰህ እንኳ ብትነግረው ምናለ?" አለ።

ሞፈሮቹ በደጀን በኩል በካሚዮን መጡ። አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል፤ ሲያዩአቸው ያምራሉ። ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ በስምንት አህያ ጭኜ ሄድሁ። ሰዉ ከበበኝ። ደስ አለኝ። አንዱ ጎልማሳ ቀረብ አለና በጥፍሩ መታው፤ አዳመጠ። ቀለሙን ላሰ፤ ተፋ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ላይ ሊያወጣው ሞከረ።

ለካ ገበሬ ሞፈር የሚመርጠው በማረስ አይደለም፤ በመሸከም ነው። ጠዋት ከነቀንበሩ ተሸክሞት ወደ ማሳው ይወርዳል፣ ማታ ተሸክሞት ዳገቱን ይወጣል። ስንት ዓመት ይህን ሲያደርጉ አይቼ እንዳላየሁ ኖሬአለሁ። ጎልማሳው አቃሰተ፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ አስቀመጠው። ሌላው ሞከረ። ሦስተኛው ሞከረ። ከዚያማ ጨዋታ ሆነና የይጁቤ ጎረምሳ ሁሉ ጉልበት ሊፈትሽበት ተሰለፈ።

በመጨረሻ አባ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ሞፈሩን ዙሪያውን ዞሩት። አልነኩትም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ይህን መሸከም የሚችል ሰው በሬ ምን ያደርግለታል?"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ያን ዕለት የሸጥሁት አንድ ነገር የለም። በማግሥቱ ሲኞር ሬናቶ ሰማ፤ ሰምቶም አልተናደደም። "ሕዝቡ ሲያርስ ስላላየ ነው፤ ገበሬው ራስህ አይደለህ? በሚቀጥለው ቅዳሜ አርሰህ ታሳያለህ፤ እኔም እመጣለሁ" አለ።

ያን ሳምንት እንዴት እንደሰነበትሁ አልነግራችሁም። ደምለው ግቢ ውስጥ አንድ ግንድ መሬት ላይ አጋድመን እርፍ አያያዝ ሲያስተምረኝ ሰነበተ። ግንዱን ደኅና አረስሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ከገበያው ጥግ ያለ ጦም ያደረ ማሳ ተመረጠ። በሬ የሚያውሰኝ ጠፍቶ አባ ይግዛው ሁለቱን በሬዎቻቸውን፣ ቦራንና ዳለቻን፣ አመጡልኝ። ሽማግሌው ደግ ናቸው፤ ግን ትርኢት ከሚያመልጣቸው በሬ ቢሞትባቸው ይመርጣሉ።

"አደራህን" አሉኝ።

"በሬዎቹን እጠብቃለሁ፣ አይስጉ።"

"በሬዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። ለራስህ ነው።"

ሲኞር ሬናቶ ባርኔጣውን አውልቆ በአየር ላይ አወዛወዘ። እኔም ጅራፍ አጮህሁና "ሃ!" አልሁ። በሬዎቹ ተጓዙ። ክንፉ ወደ መሬት ገባ፤ አፈሩ እንደ ዳቦ ተቆርሶ በጎን ተገለበጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምር ነበር! ምናልባት አሥር እርምጃ ያህል በሕይወቴ ገበሬ ነበርሁ። ሕዝቡ "ኧረ!" አለ። እኔም በኩራት ወደ ሕዝቡ ዞር አልሁ።

ድንጋዩ የተገኘው ያን ጊዜ ነው። የእንጨቱ ሞፈር ድንጋይ ሲያገኝ ዘሎት ያልፋል። የብረቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር ነግረውት አያውቁም መሰለኝ፤ አልፈልግም ብሎ ቆመ። በሬዎቹ ግን አልቆሙም። እጀታው ተነሥቶ አገጬን መታኝ፣ ብረቱ ተቆለመመ፣ ቀንበሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቦራና ዳለቻ የተሰበረውን ቀንበር እየጎተቱ ወደ ገበያው ገቡ። ገቡ ስላችሁ በየት በኩል መሰላችሁ? በበርበሬ ተራ በኩል!

በርበሬው ተነሣ። ቀይ ጉም ሆነ። ከሻጭ እስከ ገዢ፣ ከአህያ እስከ ጣልያኑ አስካሪ ወታደር፣ ማስነጠስ የጀመረ ማቆም አልቻለም። ሲኞር ሬናቶ ባርኔጣውን አፉ ላይ ደፍቶ ያለቅሳል። ኪዳኔ በመሐል በመሐሉ "ይ... ይልሃል... ሃጢሽ! ይልሃል..." ይላል፤ ምን እንዳለኝ ግን አልተሰማም። አባ ይግዛው ከዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"እንግዲህ ማሳውን ትቶ ገበያውን አረሰው!" አሉ።

እንባችን ሲደርቅ ሲኞር ሬናቶ እኔን አየኝ፣ የተቆለመመውን ብረት አየ። መቼም ያስረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በጫማው ነካ አደረገና አንገቱን ነቀነቀ። የኔን አራሽነት ሳይሆን መሬቱን ጥፋተኛ አደረገ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ወረቀት አወጣና ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። ኪዳኔ ተረጎመው፤ አማርኛውንም ከሥሩ ጻፈልኝ፦

"ይህ መሬት ከእኛ መሬት ጋር አይመሳሰልም። ቀጥቃጩ የታሸገውን ቤቱን ለዚህ ሥራ ይክፈት፤ የተገዛውን ሞፈር ሁሉ ይህን መሬት እንዲያርስ አድርጎ ያስተካክል። ቀኑ ግን አልተራዘመም፤ ሰኔ ሰኔ ነው ይልሃል።"

ያን ወረቀትና የተቆለመመውን ሞፈር ይዤ ደምለው ጋ ወረድሁ። ሰሙን ሰበርን። ደምለው ብረቱን በጥፍሩ መታው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ፊቱ ተለወጠ።

"ይህ ብረት..." አለና ወደ እኔ ዞረ። "ወረቀቱን እንደገና አንብብልኝ።"

አነበብሁለት።

"ይህን መሬት እንዲያርስ ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"በስንት በሬ እንዲያርስ ይላል?"

"አይልም።"

"ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እንዲያርስ ይላል?"

"ይህንም አይልም።"

ደምለው ቀስ ብሎ ወደ ወናፉ ሄደ፤ አቧራውን አራገፈ። እሳቱን አያያዘ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ አንዱ የፈረንጅ ሞፈር አሥራ አንድ ማረሻና ስድስት ወገል ሆኖ መደብ ላይ ተሰልፏል። ወገል ማለት ማረሻዋን ከሞፈሩ ጋር የሚያስራት የብረት ቀለበት ናት። አንዷን ማረሻ አንሥቼ በጥፍሬ መታኋት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ጮኸች። በልማድ ላስኋት፤ ምንም አልነገረችኝም፤ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። የበርበሬው ቅሪት ነው አልሁ ለደምለው።

እንግዲህ መንገዱ ተከፈተ ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ገበሬ እየሆኑ አንድ የብረት ሞፈር በጋራ ይገዛሉ፤ ደምለው ያስተካክልላቸዋል፤ እያንዳንዱ ማረሻውን ይዞ ይሄዳል። ለይጁቤ ሰዎች በየደጁ ዞሬ በሹክሹክታ ነገርኋቸው። ማረሻዋን ሲያዩ ምራቃቸውን ዋጡ። ቀጥዬ "የገዢው ስም ፋብሪካው በሰጠኝ በዚህ የሽያጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል" ስል ግን ሁሉም እጁን ወደ ጋቢው መለሰ።

የጎጃም ገበሬን ካላወቃችሁት ይህ አይገባችሁም። ከመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ ከሰፈረ በማግሥቱ ግብር ሊጥሉበት መሬቱን በገመድ ሊለኩ ይመጣሉ ብሎ ያምናል። የሚፈራው ጣልያንን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጣልያን በፊት የነበረውንም ሁሉ እንዲሁ ይፈራ ነበር።

"ማረሻው ግሩም ነው" አለኝ አንዱ። "በአንተ ስም ጻፈውና ስጠን።"

"እኔ ሻጭ ነኝ! ሻጭ ለራሱ ይሸጣል እንዴ?"

"እኛ ምን እናውቃለን፤ ገበሬ ነኝ ያልኸው አንተ።"

ግንቦት ተጋመሰ። አሥራ አንድ ሞፈር ከነቀለሙ፣ አንዱ በማረሻ መልክ፣ መደቤ ላይ ተቀምጠዋል። መደቤን የሚመኘው ጎረቤቴ በክንዱ ስፋቷን ሲለካ አየሁት። ደምለው ወናፉን ቅቤ እየቀባ ያሻሸዋል፤ ሊለየው እንደሆነ ሰው።

አባ ይግዛው መጡ። ተቀመጡ። ጥቂት አሰቡ።

"ይህ ስም የሚሉት ነገር የግድ የአንድ አንድ ሰው መሆን አለበት?"

"ገዢው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ አባ።"

"እንግዲያው የእኔን ጻፍ። ርስቴን ለልጆቼ አካፍዬ ጨርሻለሁ። ከሁለቱ በሬዎቼ በቀር ያለኝ ጎጆና አንድ ቀፎ ነው። ገመዳቸውን ይዘው ቢመጡ ንቡ ይቀበላቸዋል።"

"ለየትኛው ሞፈር ልጻፍዎ?"

"ለሁሉም ጻፋ። ስም በመጻፍ ያልቃል እንዴ?"

ጻፍሁ። አሥራ ሁለት ወረቀት፣ አሥራ ሁለት አባ ይግዛው። ገበሬው በጤፉም፣ በማሩም፣ በጥሬ ገንዘቡም መጣ፤ ሞፈሮቹ በአንድ ሳምንት ከመደቤ ጠፉ፤ ደምለው ቤት መዶሻው ከንጋት እስከ ምሽት አላቆመም። እኔም ወረቀቶቹን ይዤ በድል አድራጊነት ሲኞር ሬናቶ ፊት ቆምሁ።

አገላበጣቸው። ዓይኑ ፈጠጠ። ለካ እኔ ያላሰብሁትን አሰበ።

"አሥራ ሁለቱንም አንድ ሰው ገዛቸው? እንዲህ ያለ ታላቅ ባለመሬት በዚህ አገር አለ? ነገውኑ ሄጄ ላየው እፈልጋለሁ ይልሃል" አለ ኪዳኔ። "ፈቃድህንም እዚያው ይፈርማል፤ ሞፈሮቹ ሲያርሱ ካየ።"

ፈረስ ለምኜ እየጋለብሁ ይጁቤ ገባሁ። አባ ይግዛው ቀፎአቸው አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባ፣ ጣልያኑ ነገ እርሻዎን ሊያይ ይመጣል!"

"የትኛውን እርሻዬን?"

"እኔስ የምጨነቀው ለዚያ አይደል!"

"አትጩህ፣ ንቡ ይቆጣል" አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ደቦ እንዲጠራ ላኩት። ደቦ ያው ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ሁሉ በሬውን ይዞ መጥቶ የአንድ ሰው ማሳ ላይ ይረባረባል። ለማን ደቦ እንደሆነ ሲጠየቁ "ለሁላችንም" ብለው መለሱ።

በማግሥቱ ሲኞር ሬናቶ በበቅሎ፣ ኪዳኔንና ሁለት አስካሪዎችን አስከትሎ መጣ። እኔ ከኋላ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ በቅሎው ራሱ ቆመ። ከታች በሰፊው ሜዳ ከሠላሳ የማያንስ ጥማድ በሬ ተሰልፎ ያርሳል። ጅራፉ ይጮኻል፣ ዘፈኑ ይነሣል፣ ጥቁሩ አፈር እየተሰነጠቀ ይሄዳል። አባ ይግዛው ንጹሕ ጋቢ ለብሰው መሐል ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል፤ በእውነት የአሥር ጋሻ መሬት ጌታ ይመስሉ ነበር።

ሲኞር ሬናቶ ወርዶ ጨበጣቸው። ከዚያ ማሳውን አየ። ደግሞ አየ። እጁ መወዛወዝ አቆመ።

"ሞፈሮቼ የት አሉ ይላል" አለ ኪዳኔ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ሠላሳው ጥማድ ቆመ። እኔ ፈቃዴን፣ መደቤን፣ ደምለውንና አንገቴን በየተራ ተሰናበትሁ።

አባ ይግዛው ብድግ አሉ። ከአጠገባቸው ያለውን ሞፈር አስገለበጡና ማረሻዋን አሳዩት። የደምለው እሳት ካልላሰው ከወገሉ ጀርባ አረንጓዴው ቀለም ይታያል።

"ይኸው በለው። ይህን መሬት እንዲያርስ ይስተካከል ብሎ አዘዘ፤ ተስተካከለ። ትእዛዝ አክባሪ ነን።"

ኪዳኔ ተረጎመ። ሲኞር ሬናቶ ቀላ፤ ቀጥሎ ነጣ። እኔ ፊቱን ሳጠና ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሰው ትናንት ማታ ለአለቆቹ ደብዳቤ ጽፏል። ጎጃም በሙሉ ተሻማበት ብሏል። አውቃታለሁ ያችን ፊት፤ ሳምንታት ሙሉ በመስተዋት ሳያት ከርሜአለሁ።

ቀረብ አልሁና "ኪዳኔ፣ እንዲህ በልልኝ" አልሁ። "አሥራ ሁለት የነበረው ዛሬ ከመቶ በላይ ማሳ ያርሳል። ፋብሪካው ይህን ቢሰማ ያዝናል ወይስ ይደሰታል?"

ሲኞር ሬናቶ ኮቱን አወለቀ። የቅርቡን ገበሬ ገለል አድርጎ እርፉን ያዘ፤ "ሃ!" አለ፤ ከየት እንደተማረው እንጃ። በሬዎቹ ተጓዙ። ድንጋይ ገጠመው። ማረሻዋ ዘለል ብላ አለፈችውና እንደገና ገባች። ሰውዬው ቆመ፤ ወደ ኋላ ዞሮ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ ከሆዱ መሳቅ ጀመረ። እስከ ማሳው ጫፍ እየሳቀ አረሰ። ትልሙ ጠማማ ነው፤ ግን ትልም ነው።

"ከነጋዴው በብዙ ይሻላል!" አሉ አባ ይግዛው፤ ሠላሳው ገበሬ በአንድ ድምፅ አጸደቀው። አልተከራከርሁም።

ሲኞር ሬናቶ ላቡን እየጠረገ ወረቀቶቹን አወጣ። የሚጽፍበት ቢያጣ ኪዳኔን ጎንበስ አድርጎ ጀርባው ላይ አስደግፎ ጻፈ። የእኔ ፈቃድ ታደሰ። የደምለው ቤት "ለማስተካከል ሥራ" ለሁልጊዜው ይከፈት ተባለ። ሦስተኛው ወረቀት ለፋብሪካው ነው፤ ሃያ አራት ሞፈር በአስቸኳይ ይላክ ይላል። ማኅተሙን ሲመታ ኪዳኔ "ውይ!" አለ።

ጣልያኑ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ። ዘፈኑ እንደገና ተነሣ፣ ሠላሳው ጥማድ ተንቀሳቀሰ። እኔ ወረቀቶቹን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ደምለው ልወርድ ስል፣ ኪዳኔ ከአስካሪዎቹ ተነጥሎ እየሮጠ ተመለሰ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ግራ ቀኙን ቃኘ።

"ጋሼ" አለኝ። እስከዚያ ቀን "አንተ" ነበር የሚለኝ። "አባቴ ዲማ በኩል ገበሬ ነው። ማረሻው አልቃበታለች። ሁለት ብቻ... ግን እባክዎ ስሙ የትም እንዳይጻፍ።"

አባ ይግዛው ከበርጩማቸው ሆነው ሰሙ።

"በእኔ ስም ይሁንለት" አሉ።